ከጥበቃ የተረፈችው ወንዝ

ለሚገባው ሰው ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በቦንጋ ከተማ አንዲት ትንሽ ወንዝን ከጥፋት ለመታደግ ላቡን ላፈሰሰው፣ ወንዟንም በላቡ ልክ ላደረቀው ጽሕፈት ቤት መታሰቢያ ይሁን። የጽሕፈት ቤቱን ስም አንጠራም፤ ውዳሴ እንደማይወድ ይታወቃል። የወንዟንም ስም አንጠራም። ስሙ የተጠራ ወንዝ ዕቅድ ውስጥ ይገባል፤ ዕቅድ ውስጥ የገባ ወንዝ ምን እንደሚያገኘው ደግሞ እነሆ እንተርካለን።

ዘመኑ አገር በሙሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ሰው ከጎረቤቱ ጨው ሲበደር እንኳ «የልምድ ልውውጥ አደረጉ» የሚባልበት የትራንስፎርሜሽን ዘመን ነበር።

በዚያ ዘመን ከወንዟ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ እትዬ ቀጸላ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ድረስ የተማሩ፣ ልጆች ድረው የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ናቸው። ሌላው ሰው እርሻ ወይም ንግድ ይዞ እንደሚኖር፣ እሳቸው ጭንቀት ይዘው ይኖሩ ነበር። ባጃጅ ከተማው የገባ ጊዜ «ሦስት እግር ያለው ነገር እንዴት ይቆማል?» እያሉ ከረሙ። የስልክ ማማ ሲተከል «መብረቅ ይጠራል» ብለው አልጋቸውን ከግድግዳው አራቁ። ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ነው ሲባል «ይህን ሁሉ የሰው ልጅ ማን ሊያበላው ነው?» ብለው በማያውቁት ተማሪ ረሃብ እንቅልፍ አጡ። ሰፈሩም ስጋታቸውን የሚሰማው እንደ ዶሮ ጩኸት ነበር፤ ጊዜን ለማወቅ ይጠቅም እንደሆን እንጂ ቁም ነገር ይገኝበታል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም።

ወንዟ ከድልድዩ እስከ ትልቁ ቋጥኝ ድረስ የሰፈሩ ሁሉ ናት። ከቋጥኙ ወደ ላይ ያለው ዳርቻ ግን የእትዬ ቀጸላ ይዞታ ነው። አይታረስም፣ አይመነጠርም። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ዘንባባው እርስ በርሱ ተቃቅፎ ይቆማል፤ ከሥሩ ኮረሪማ ይበቅላል፤ ከላዩ ጉሬዛ ይዘላል። አማታቸው መሬቱን ሲያወርሷቸው «የወንዝ ዳር ዛፍ የወንዝ ልብስ ነው፤ ሰው ራቁቱን አደባባይ ይወጣል?» ብለው ነበር። እትዬ ቀጸላም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ልብስ ማንም እንዳይገፈው ሲጨነቁ ኖሩ። ሥራው ከጭንቀት በቀር ሌላ ነገር አይጠይቅም ነበር፤ ጭንቀት ደግሞ አልቸገራቸውም።

ነገሩ የተጀመረው በባጃጅ ነው። ባለባጃጆቹ ከድልድዩ ሥር እየወረዱ ማጠብ ለመዱ። አንድ ቀን እትዬ ቀጸላ ባልዲ ይዘው ቢወርዱ የባጃጁ ዘይት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቀስተ ደመና ሠርቷል። ባልዲያቸውን ባዶውን እንዳንጠለጠሉ ወደ ኑሪ ሱቅ አቀኑ። ኑሪ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባቱ ከመሃል አገር መጥተው ሱቁን ከፈቱ፤ እሱም ከባንኮኒው ጀርባ ተወልዶ ከባንኮኒው ጀርባ ሸበተ።

«ጽሕፈት ቤት ልሄድ ነው» አሉት።

«ምን ሆነው ነው?»

«ላመለክት። ወንዟን ጠብቁልን ልላቸው።»

ኑሪ መቀሱን አስቀመጠ። «እትዬ ቀጸላ፣ ወላሂ ይቅርብዎ! ይጠቡ ባጃጆቹ። ክረምት ሲገባ ወንዟ ራሷ ታጥባቸዋለች።»

«ያ ሁሉ ዘይትስ?»

«ዘይትማ ሄዶ ሄዶ ያልቃል። ጽሕፈት ቤት ነው የማያልቀው።»

«አንተ ደግሞ ሁሉ ነገር ቀልድህ ነው!» ብለው ጥለውት ወጡ።

በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የወንዝና የወንዝ ዳር ጥበቃ፣ ልማትና እንክብካቤ ዋና የሥራ ሂደት ባለቤት አቶ ቢሻው ተቀምጦ ነበር። ቢሻው የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ ገበያ ስትውል እትዬ ቀጸላ አዝለው አሳድገውታል። የሥራ ሂደቱ ከተቋቋመ ወዲህ ማኅተም መጥቶለታል፣ ወንበር መጥቶለታል፣ መጋረጃ መጥቶለታል። ያልመጣለት ወንዝ ብቻ ነበር። ወንዝ እንደሆነ ተሰልፎ አቤት አይልም።

«እትዬ ቀጸላ!» ብሎ ብድግ አለ። «እርስዎን ነበር እኮ የምንጠብቀው!»

«እኔን? ምን አደረግሁ?» አሉ ደንግጠው።

«ባለድርሻ አካል ሳይመጣ እንዴት ወደ ሥራ እንገባለን?»

እትዬ ቀጸላ የመጡበትን ተናገሩ። ቢሻው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ባጃጁ ምልክት ነው እንጂ በሽታው አይደለም» አለ በመጨረሻ። «እኛ ከሥሩ ነው የምንነቅለው።»

«ከምኑ ሥር ልጄ? እኔ እኮ ያልሁት ባጃጆቹን ብቻ እንድትከለክልልኝ ነው።»

«እሱማ ቀላል ነው። ቀላል ነገር ደግሞ ሪፖርት አይሆንም።»

ቢሻው ያቋቋመው ኮሚቴ በማግሥቱ መጣ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር የኮሚቴው ፒካፕ እስከ መስኮቷ ተለቅልቃ ነበር የደረሰችው። አባላቱ ዳር ቆመው ስለ ውሃ ብክለት ጥልቅ ውይይት ሲያደርጉ፣ ሾፌሩ ጊዜውን በከንቱ ላለማሳለፍ መኪናዋን ወደ ወንዟ አስገብቶ አጠባት። እትዬ ቀጸላ ይህንን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ግን ኮሚቴ መሃል ገብቶ መናገር ያስፈራል።

«የታለ ወንዙ?» አለ ቢሻው ወደ ዛፎቹ እያፈጠጠ።

«ይኸው፣ ይሰማል እኮ!» አሉ እትዬ ቀጸላ።

«መስማትማ ሰማን። አልታየም። እንግዳ ቢመጣ ምን እናሳየዋለን? ድምፅ?»

ኮሚቴው በዚህ ነጥብ ላይ በስፋት ተወያይቶ፣ ያልታየ ሀብት እንደማይጠበቅ፣ የወንዙ ዋና ጠላትም ከሕዝብ ዓይን የሰወረው ጫካ እንደሆነ በሙሉ ድምፅ ደመደመ። ስለዚህ ጥበቃው በምንጣሮ እንዲጀመር ተወሰነ።

«ልጄ ቢሻው፣ ልብሷን እኮ ነው የምትገፏት!» አሉ እትዬ ቀጸላ።

«አሮጌ ልብስ ነው እትዬ። አዲስ እናለብሳታለን።»

የልማት ሠራዊቱ መጥረቢያና ገጀራውን ይዞ በነቂስ ወጣ። በዚያ ማለዳ የታየው የሥራ ፍቅር በእውነት የሚያስለቅስ ነበር፤ እትዬ ቀጸላም አለቀሱ። ከድልድዩ እስከ ቋጥኙ ያለው ዋንዛና ብሳና አንድም ሳይቀር ወደቀ። ቋጥኙ ላይ ሲደርሱ የግምገማ ስብሰባ ሰዓት ስለደረሰ ሠራዊቱ መሣሪያውን አኑሮ ሄደ፤ ከቋጥኙ በላይ ያለው የእትዬ ቀጸላ ዳርቻም «ለሁለተኛው ምዕራፍ» ተብሎ ታለፈ። አገር በስብሰባ ብዛት ያማርራል። ስብሰባ ዋንዛ ሲያድን ግን የሚያመሰግነው የለም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የእትዬ ቀጸላ ጭንቀቶች ሁሉ ተሰብስበው አንድ ሆኑ። ባጃጁም፣ ማማውም፣ የተማሪው ረሃብም ተረሳ። ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ይሆን? ሌላ ነገር አያስቡም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን በሚያስቀና ፍጥነት ገሠገሠ። በተቆረጡት ዛፎች ምትክ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል የሚል ሰው አልጠፋም፤ ቢሻው ግን «ወንዝ ዳር ተተክሎ ውሃ የማይጠጣ ዛፍ ሰነፍ ዛፍ ነው» ሲል አፉን አስያዘው። ቀጥሎ ዳርቻው እንዳይሸረሸር የድንጋይ ግንብ ተሠራ። ድንጋዩና አሸዋው ከራሷ ከወንዟ ሆድ ተዝቆ ወጣ፤ ራስን በራስ መቻል ማለት ይኸው ነው። ግንቡን የሚጠብቅ ዘበኛ አስፈለገ፤ ጉግሳ የሚባል ጎልማሳ ተቀጠረ። ዘበኛ ቤት ያስፈልገዋልና ከግንቡ ጥግ ቤት ተሠራለት። ቤት ያለው ሰው ደግሞ ሽንት ቤት ያስፈልገዋልና፣ ለንጽሕናው ሲባል፣ ውሃ አጠገብ ተቆፈረለት።

እትዬ ቀጸላ ቋጥኙ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ሰነበቱና አንድ ቀን መቻል አቅቷቸው ቢሻውን ጠየቁት።

«እንዲያው ልጄ፣ ባጃጆቹስ?»

«ኧረ እሱን ጨርሰነዋል!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «በየፈለጉት ቦታ በዘፈቀደ ያጥቡ የነበሩትን በጥቃቅንና አነስተኛ አደራጅተን፣ ግንቡ ሥር ቋሚ ቦታ ሰጠናቸው። ፓምፕም ገዝተንላቸዋል።»

«ምን? አሁን እያጠቡ ነው ማለት ነው?»

«አሁንማ በሕጋዊ መንገድ!»

በዚህ ብቻ አላበቃም። ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ሲደራጅ ወንዞች ለምን ይቀራሉ ተብሎ፣ ወንዟ የአካባቢውን ወንዞች እንድትመራ ግንባር ቀደም ሆና ተመረጠች። በመጀመሪያው ግምገማ ላይ ታዲያ «በበጋ ትዳከማለች፣ በክረምት ግልፍተኛ ናት፣ ወጥ አቋም ይጎድላታል» የሚል ሂስ ቀረበባት። ወንዟ በቦታው ተገኝታ ሂሷን ባትውጥም በተግባር አረመች፤ በጋው ሲገባ መፍሰሷን ጨርሳ ተወችው። አሸዋው በተዛቀበት ጉድጓድ ሁሉ እየገባች ቆመች፣ አረንጓዴ ሆነች፣ ሸተተች። የተረፈውን ፓምፑ ጠጣው። ከእንግዲህ ወዲያ በአቋሟ መዋዠቅ የሚወቅሳት አልነበረም።

ሪፖርቱ ግን ፈሰሰ። ከቦንጋ ወጥቶ ሌሎች ወረዳዎች ደረሰ። አንድ ጠዋት ቢሻው ወደ እትዬ ቀጸላ ቤት እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ አለቀልኝ!»

«ምነው? እናትህ አመማት እንዴ?»

«እንግዶች መጡ! ከዋጫ፣ ከደካ። ለልምድ ልውውጥ። ሞዴሏን ወንዝ አሳዩን ይላሉ። አሁን ቁርስ ላይ ናቸው።»

«ታዲያ አሳያቸዋ።»

«ምኗን? ሽታዋን?» ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «የውሃ ቦቴ ለምኜ ነበር፤ ከላይ ሆኖ እንዲደፋልኝ፣ ቢያንስ እንግዶቹ እስኪያልፉ እንድትፈስስ። ቦቴው ተበላሽቷል አሉኝ። እትዬ፣ ከሥራ ይነሱኛል።»

እትዬ ቀጸላ ወንዟን ባሰቡ ቁጥር ይህንን ልጅ በቁንጥጫ ማድማት ያምራቸው ነበር። ግን ያዘለ ጀርባ ይረሳል? ደረጃው ላይ ተቆራምቶ ሲያዩት አፋቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ተናገረ።

«ታዲያ ወደ ላይ ውሰዳቸዋ! ከቋጥኙ በላይ።»

«እዚያማ ምንም አልሠራንም።»

«እሱን ማን ይነግራቸዋል?»

ቢሻው ቀስ ብሎ ቀና አለ።

እንግዶቹ ከቋጥኙ በላይ ባለው መንገድ ገቡ። ዋንዛው ጥላውን ዘርግቷል፤ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ኩልል እያለ ይወርዳል፤ ኮረሪማው ቀይ ፍሬውን አፍርቶ ከመሬት ብቅ ብሏል። ጉሬዛ ሳይቀር ኮሚቴ የመጣ መስሎት በዝምታ ተቀመጠ። እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ሊገቡ ምንም አልቀራቸው።

«ይህንን በአንድ በጀት ዓመት?» አለች የቡድኑ መሪ፤ ወይዘሮ ሚስራ የምትባል፣ ከዋጫ የመጣች፣ ዓይኗ ነገር የማያልፈው ሴት።

«ማኅበረሰቡን ከጎናችን አሰልፈን ነው» አለ ቢሻው በትሕትና።

ሚስራ ወደ እትዬ ቀጸላ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎስ በበኩልዎ ምን ሠሩ?»

«እኔ? እኔማ ምንም አልሠራሁ።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። «ሞዴል ሴት! የሠሩትን እንኳ አይናገሩም!»

«ከሥራው በፊትስ ቦታው ምን ይመስል ነበር?» ስትል ሚስራ ቀጠለች። «ለውጡን ለማወቅ ያህል።»

እትዬ ቀጸላም መዋሸት ስለማይሆንላቸው «በፊትማ ላይኛውም ታችኛውም አንድ ነበር» አሉ።

«አዎ!» ብሎ ጮኸ ቢሻው፣ ገደል አፋፍ ላይ ሐረግ እንደያዘ ሰው። «አንድ ነበር! ሁለቱም እንደ ታችኛው ነበሩ! ኑ፣ ላሳያችሁ። ከጥበቃው በፊት የነበረውን ሁኔታ ለትምህርት ብለን እንዳለ ትተነዋል።»

እንግዶቹን ወደ ታች አወረዳቸው። አፍንጫቸውን ያዙ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ይህን ያደረገ ማነው?» አለች ሚስራ።

«ኪራይ ሰብሳቢዎች» አለ ቢሻው፣ አንገቱን ሰብሮ።

«ዛፉን የጨፈጨፉትስ?»

«እነሱው።»

«ይሄ ግንብስ? የወንዙን ድንጋይ አውጥቶ ወንዝ ዳር መገንባት! የጤነኛ ሰው ሥራ ነው?»

«ጤና የላቸውም።»

«ሽንት ቤቱንስ እዚህ አፍንጫዋ ሥር ያደረገው?»

«እሱ እንኳ ለኛም እስካሁን ግልጽ አልሆነልንም።»

በዚህ መሃል ዘበኛው ጉግሳ ከቤቱ ወጥቶ ሰላምታ ሰጠ። የለበሰው ካፖርት ጀርባ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ስም በትልቁ ተጽፏል።

«እርስዎስ የማን ዘበኛ ነዎት?» አለችው ሚስራ።

«የጋሽ ቢሻው!» አለ ጉግሳ በኩራት።

«ሰውዬው ከእነሱ ጋር ነበር» አለ ቢሻው ፈጠን ብሎ። «ተሃድሶ ሰጥተን መለስነው። ካፖርቱ የተሃድሶው ነው።»

ጉግሳ ካፖርቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተመለከተ። እንግዶቹ ግን ተገረሙ፤ ከእንዲህ ያለ ጥፋት ተነስቶ እንደ ላይኛው ያለ ገነት መፍጠር ምን ዓይነት ቆራጥነት ነው! በምሳ ሰዓት ቢሻው የአሠራሩን ሂደት እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ከኮሚቴ ማቋቋም እስከ ምንጣሮ፣ ከምንጣሮ እስከ ግንብ ያደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳ፤ ሌላ የሚያውቀው ሂደት አልነበረም። እንግዶቹም በጥሞና አዳምጠው፣ ልምዱን ቀምረው፣ ወደየወረዳቸው ተመለሱ።

እትዬ ቀጸላ ያን ምሽት ልጁ ተረፈ፣ ወንዟም ተረፈች ብለው ሊተነፍሱ ሲሉ ቢሻው በደስታ ሰክሮ ከተፍ አለ።

«እትዬ፣ ተሸለምን! እንግዶቹ ለዞን ደውለው ላይኛው ዳርቻ የዞኑ ሞዴል ተባለ!»

«እሰይ! እልል በሉ ታዲያ።»

«ስለዚህ ሁለተኛውን ምዕራፍ ከሰኞ ጀምሮ እንገባለን። እንዲህ ያለ ሞዴል ያለ ግንብ እንዴት ይቀመጣል? ዘበኛም ያስፈልጋል። እንግዳም ሲመጣ ከሩቅ እንዲታይ ፊት ለፊት ያለውን ትንሽ ገለጥ እናደርገዋለን።»

እትዬ ቀጸላ ምሰሶውን ተደገፉ። መለመን እንደማይጠቅም አውቀውታል፤ ለምነው ነው እዚህ የደረሱት። ስለዚህ ዕድሜ ልካቸውን የሠለጠኑበትን ነገር አደረጉ፤ ተጨነቁ። ከተማው ውስጥ ሰው ሥራ ጀምሮ የተወው ነገር ካለ እያሉ በሐሳባቸው ዞሩ። ሪባን የተቆረጠለት የቦኖ ውሃ ትዝ አላቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዞሮ ያየው የለም። የሙዚቃ ባንድ የተጫወተለት የከብት ክሊኒክ ትዝ አላቸው፤ ቁልፉ የት እንደገባ አይታወቅም። የገበያው ሼድ፣ የወጣቶች ማዕከሉ… ሁሉም አንድ ቀን ተጨበጨበላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሹም የሚባል ደጃቸውን አልረገጠም። እትዬ ቀጸላ ከምሰሶው ተላቀቁ።

«ልጄ ቢሻው» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው በጭንቀት። «አንድ ነገር ፈራሁ።»

«ደግሞ ምን?»

«አልተመረቀማ።»

«ምኑ?»

«ሥራህ ነዋ! የዞን ሞዴል ተብሎ፣ ተሸልሞ፣ ሳይመረቅ? ነገ ሌላው መጥቶ አስመርቆ ክብርህን ቢወስድብህስ?»

ቢሻው ገረጣ። በዚህ ዓለም ላይ ሥራውን ሌላ ሰው ሊሠራበት ቢችል አይፈራም፤ ሌላ ሰው ሊመርቅበት መቻሉ ግን ከዚያ በፊት ታይቶት አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት፣ ገጀራ ሊገባበት በታሰበበት ሰዓት፣ ድንኳን ገባ። እትዬ ቀጸላ ቀድመው ኑሪ ሱቅ ተገኝተው ነበር።

«ሪባን ስጠኝ። ቀይ።»

«ስንት ሜትር?»

«ከዋንዛው እስከ ብሳናው።»

ኑሪ ከመነጽሩ በላይ አያቸው። «ወንዟን ሊያስመርቁ ነው?»

«ምን ላድርግ ብለህ ነው!»

«ወላሂ፣ እርስዎ ዘንድሮ በጣም ተማሩ» አለና ረዘም አድርጎ ቆረጠላቸው።

ቢሻው ንግግር አደረገ። «ዛሬ በዚህ ታሪካዊ ሥፍራ ተገኝተን፣ ቀድሞ የነበረው ነገር አሁንም እንዳለ መኖሩን ስናበሥር ልዩ ኩራት ይሰማናል! ይህ ወንዝ ያለእኛ ጥረት ዛሬ ያለበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ብዙ ሺህ ዘመን ይፈጅበት ነበር!» ሕዝቡ አጨበጨበ። ሪባኑ ተቆረጠ። ፎቶ ተነሡ። ለስላሳ ተጠጣ፤ እትዬ ቀጸላ ቆርኪውን ሁሉ ከኮረሪማው ሥር ለቀሙ። ከዚያም ሹሞቹ ሁሉ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

አልተመለሱም።

አዲሱ በጀት ዓመት ሲገባ ማዕረግ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ሜትሩን ይዞ ከቋጥኙ በላይ ያለውን ሊለካ ተነሣ። ቢሻው ጠርቶ ተቆጣው።

«የተመረቀ ሥራ እንደገና ይጀመራል እንዴ? የሀብት ብክነት አታውቅም?»

«ግን እኮ ጋሽ ቢሻው፣ ምንም አልተሠራበትም።»

«ታዲያ ስንቱ ነው ተሠርቶ የሚመረቀው?»

ማዕረግ ሜትሩን ጠቀለለ።

የታችኛውስ ዳርቻ? እሱንም እንንገራችሁ። በአደባባይ የኪራይ ሰብሳቢዎች ሥራ ተብሎ ስለተወገዘ፣ ከዚያ በኋላ ግንቡን የእኔ ነው የሚል ጠፋ። ጉግሳ «ተሃድሶ የወሰደ» የሚለው ስም አሳፍሮት ወደ አገሩ ገባ። የባጃጅ አጣቢዎቹ ማኅበርም በጥፋት ቦታ ላይ እንዴት ሕጋዊ ሥራ ይሠራል ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅንም፤ ያስጨንቃል። ክረምቱ ሲገባ ጎርፍ ግንቡን ወስዶ ድንጋዩን ወደ ነበረበት መለሰው። ባለቤት ባጣው ዳርቻ መጀመሪያ ቄጠማ፣ ቀጥሎ የብሳና ቡቃያ ብቅ አለ። ጽሕፈት ቤቱ ወንዟን በጥበቃ ያላዳናትን ያህል በመርሳት አዳናት፤ ለዚህም ልባዊ ምስጋናችን ይድረሰው።

እትዬ ቀጸላ ግን አላረፉም። አንድ የገበያ ቀን ከዋጫ በኩል የመጡ ሁለት ሴቶች ቤታቸውን እያጠያየቁ ደረሱ። የአንደኛዋ ዓይን በልቅሶ አብጧል።

«እትዬ ቀጸላ እርስዎ ነዎት? እባክዎ ይድረሱልን» አለች። «ወይዘሮ ሚስራ ከናንተ ልምድ አመጣን ብለው ወንዛችንን ሊጠብቁልን ነው! ኮሚቴው ትናንት መጥቶ ወንዙ አይታይም አለ።»

እትዬ ቀጸላ ነጠላቸውን አንስተው ወደ በሩ መራመድ ጀምረዋል።

«ለመሆኑ ተመርቋል?»

«ኧረ እትዬ! ገና መች ተጀመረና!»

«እሰይ፣ እንኳን ደረሳችሁ!» አሉ ሴቶቹን ወደ ኑሪ ሱቅ እየነዱ። «በሉ ቶሎ፣ ሳይጀምሩት አስመርቁት!»